ኤደንተን፣ ኖርዝ ካሮላይና፦ የቅዱስ ጳውሎስን ቤተ ክርስቲያን አይታችሁ የምታውቁ አላችሁ?

የመንገድ ሰው

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ሥራዬ የጭነት መኪና ማሽከርከር ነው። ከኖርፎክ ወደ ደቡብ በሀይዌይ 17 ስወርድ ኤደንተን የሚለውን ታፔላ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት ቆጥሬው አላውቅም። ባለፈው ሐሙስ የማራግፍበት መጋዘን እስኪከፈት ሦስት ሰዓት ያህል ጊዜ ነበረኝ። መኪናዬን ከከተማው ዳር አቁሜ በእግሬ ገባሁ።

ኤደንተን ትንሽ ናት። ነዋሪዋ 5,000 አይሞላም። ዋናው መንገድ ብሮድ ስትሪት ቀጥ ብሎ ወርዶ ውሃው ላይ ያልቃል። በዚሁ መንገድ ላይ፣ ቸርች ስትሪት በሚያቋርጠው ጥግ፣ ትልልቅ ዛፎች የከበቡት የጡብ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ይባላል፣ የኤጲስቆጶሳውያን ነው። ፊት ለፊቱ አራት ማዕዘን ማማ አለው፣ ከማማው ላይ ሹል ጫፍ ወደ ሰማይ ይወጣል። ዞር ብዬ በምሥራቅ በኩል ሳየው ደግሞ ግድግዳው ግማሽ ክብ ሆኖ ወጥቷል። መቅደሱ ያለበት ክፍል ነው። ግቢው ሙሉ መቃብር ነው።

ከመቃብሮቹ መካከል ኖርዝ ካሮላይና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች የገዟት የሦስት ገዢዎች አለ። ሄንደርሰን ዎከር፣ ቶማስ ፖሎክ እና ቻርልስ ኤደን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ከኤደን ነው። ሦስቱም መጀመሪያ እዚያ አልተቀበሩም። አጽማቸው እ.ኤ.አ. በ1889 ከሌላ ቦታ መጥቶ ነው ያረፈው። (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤት ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ማንበብ ጀመርኩ። ሰበካው የተመሠረተው በ1701 ነው። የመጀመሪያው ሰበካ ጉባኤ በዲሴምበር 15 በአንድ ሰው ቤት ተሰብስቦ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ ወሰነ። ያሠሩት ነገር ግን 25 ጫማ ርዝመት ያላት፣ ምሰሶዋ መሬት ውስጥ የተተከለ የእንጨት ቤት ነበረች። 25 ጫማ ማለት ስምንት ሜትር አይሞላም። የእኔ ተሳቢ ከእሷ በእጥፍ ይረዝማል። ያችም ብትሆን ከተማው ውስጥ አልነበረችም።

በ1728 ዊልያም በርድ የሚባል የቨርጂኒያ ባለጠጋ በዚያ አለፈ። በክርስቲያንም በእስላምም ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ምኩራብ የሌለበት ዋና ከተማ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ ኤደንተን የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ ነበረች።

የአሁኑ የጡብ ሕንፃ የተጀመረው በ1736 ነው። የመጀመሪያው ቅዳሴ የተደረገበት በ1760፣ የውስጡ እንጨት ሥራ ያለቀው በ1774። ከመሠረት እስከ ፍጻሜ 38 ዓመት ማለት ነው። ለምን ይህን ያህል ፈጀ? ግንባታ የምታውቁ፣ ስለ ኤጲስቆጶሳውያንም የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የደብሩ ልጅ

ወንድሜ የመንገድ ሰው፣ ጥሩ ነገር አነሳህ።

ኤጲስቆጶሳዊት የምትባለው ቤተ ክርስቲያን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት። አሜሪካ ከእንግሊዝ ስትለይ ምእመናኑ ለንጉሡ ታዛዥ በሆነች ቤተ ክርስቲያን መቀጠል አልቻሉም። በ1789 የራሳቸውን ሥርዓት አቁመው በዚህ ስም ተጠሩ። ስሙ እንደሚናገረው በኤጲስቆጶስ፣ በጳጳስ ማለት ነው፣ ትመራለች።

ከዚያ በፊት በኤደንተን ጊዜ የነበረው ሰበካ ጉባኤ የእኛን ዓይነት ብቻ አይምሰልህ። የመንግሥት ክንድ ነበር። የ1701ዱ ሕግ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያና ለካህን ደመወዝ በነፍስ ወከፍ ግብር እንዲሰበስብ ሥልጣን ሰጠው። ድሆችን መርዳትም የእሱ ሥራ ነበር። ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች በዚያ አካባቢ ብዙ ነበሩ፣ ለማያምኑበት ቤተ ክርስቲያን አንከፍልም ብለው ተቃወሙ። ለንደን ያሉት የቅኝ ግዛቱ ባለቤቶችም ሕጉን ሻሩት፣ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነበር። ለካህኑ የተመደበው 30 ፓውንድ አነሰ ብለው ነው። ከዚያ በኋላ ሕጉ እየተሻሻለ ደጋግሞ ወጣ።

ሌላው ችግር ጳጳስ ነው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን በመላው አሜሪካ አንድም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አልነበረም። ቄስ መሆን የፈለገ ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ ለንደን ይሄዳል። ጳጳስ ከእስክንድርያ ሲጠብቁ የኖሩ አባቶች ልጆች ስለሆንን ይህን እኛ ሳንነገር እናውቀዋለን።

ነጻነት ከመጣ በኋላም አልተፋጠነም። የቅዱስ ጳውሎስ አገልጋይ የነበረው ቻርልስ ፔቲግሩ በ1794 የኖርዝ ካሮላይና የመጀመሪያ ጳጳስ እንዲሆን ተመረጠ። ሳይሾም በ1807 ሞተ። ግዛቱ ጳጳስ ያገኘው በ1823 ነው።

ግንበኛው

የመንገድ ሰው፣ 40 ዓመት በሲሚንቶና በጡብ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ እኔ ልመልስልህ።

በዚያ ዘመን ጡብ ከመደብር አይገዛም። እዚያው አካባቢ አፈር ተቆፍሮ፣ ተቦክቶ፣ በሣጥን ተቀርጾ፣ ደርቆ ይተኮሳል። ኖራም እንደዚሁ ነው። በዚያ ባሕር ዳርቻ የኖራ ድንጋይ ብዙ የለም፣ የኦይስተር ዛጎል እያቃጠሉ ነበር ኖራ የሚያወጡት። አንድ ግድግዳ ለማቆም ስንት ማገዶ፣ ስንት ክንድ እንደሚፈጅ አስበው።

ፎቶ ካነሳህ ግድግዳውን ቀረብ አድርገህ እየው። ጡቡ አንዱ በረጅም ጎኑ፣ ቀጥሎ ያለው በአጭር ጫፉ፣ እንደገና በረጅሙ፣ እንደገና በአጭሩ ተደርድሯል። ከላዩ ባለው መስመር ደግሞ አጭሩ የታችኛው ረጅም ጡብ መሃል ላይ ይቀመጣል። ፍሌሚሽ አደራደር ይባላል። አጭር ሆኖ የምታየው ጡብ እኮ አጭር አይደለም። ወደ ውስጥ ገብቶ የውጭውንና የውስጡን ግድግዳ እንደ ስፌት ያያይዛል። ውበት ብቻ መስሎን የምናየው ነገር ጥንካሬው ራሱ ነው። ያ ግማሽ ክብ ግድግዳ ደግሞ የግንበኛ ፈተና ነው። ቀጥ ባለ ጡብ ክብ ማውጣት እጅ ይፈልጋል።

መዘግየቱን በተመለከተ፣ የኔ አስተያየት ይህ ነው። ግድግዳ ሲቆም ሰው ሁሉ ይደሰታል፣ ገንዘብም ይዋጣል። ጣሪያ ከለበሰ በኋላ ግን ሰው ያለቀ ይመስለዋል፣ እጁን ይሰበስባል። ወለል፣ መስኮት፣ በር፣ አግዳሚ፣ መቅደስ የሚሠራበት ገንዘብ ነው የሚጠፋው። እዚህ አገር ያሠራናቸውን የራሳችንን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ይረዳኛል።

የመንገድ ሰው

ጋሼ ግንበኛው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶዬን አውጥቼ አየሁት፣ እንደነገሩኝ ነው። አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። አጠገቡ ቆሜ እኮ አላየሁትም ነበር።

ያለማለቁ ነገር በዘመኑም የታወቀ ነበር። ዳንኤል ኧርል የሚባል ቄስ ከ1759 ጀምሮ እዚያ አገልግሏል። ከተማዋ አጠገብ የቾዋን ወንዝ አለ፣ በጸደይ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ እየጎረፈ ይመጣበታል። ቄሱም በዓሣ ማስገሩ ሥራ ይታወቅ ነበር። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ግጥም ተለጥፎ ተገኘ ይባላል። ሐሳቡ ያላለቀ ቤተ ክርስቲያን፣ የዘመመ ማማ፣ ሄሪንግ አጥማጅ ቄስ፣ የተረገመ ሕዝብ የሚል ነው። እስከ ዛሬ በቃል ይነገራል።

እኔን ግን የነካኝ ከእሱ በፊት የነበረው ክሌመንት ሆል ነው። መጀመሪያ ተራ የአካባቢ ዳኛ ነበር። የደብሩ ልጅ እንዳለው ለክህነት እንግሊዝ ድረስ ሄዶ በ1744 ተመለሰ። ከዚያ ፈረስ ላይ ወጣ። በ1752 ለላኩት ሰዎች ሲጽፍ ወደ 14,000 ማይል ተጉዣለሁ፣ ወደ 700 ስብከት ሰብኬያለሁ ይላል። ያጠመቃቸው 6,195 ሰዎች ናቸው። ዝርዝሩንም ጽፎታል። 5,783 የነጭ ልጆች፣ 243 የጥቁር ልጆች፣ 57 ነጭ አዋቂዎች፣ 112 ጥቁር አዋቂዎች። እኔ መንገድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። 14,000 ማይል በፈረስ፣ ረግረግ ለረግረግ! ያን ሁሉ ጊዜ ደግሞ የደብሩ ሕንፃ ገና አላለቀም። ቤተ ክርስቲያኑ ሰውዬው ራሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ጽዋም አላቸው። በ1725 ኮሎኔል ኤድዋርድ ሞዝሊ ለኤደንተን ቤተ ክርስቲያን መገልገያ ብሎ የሰጠው የብር ጽዋና ጻሕል ነው። ስሙና ዓመቱ ተቀርጾበታል። ጽዋው ከሕንፃው በ11 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው።

የሪችመንዷ ነርስ

የመንገድ ሰው፣ ቁጥሮቹን አንብቤ ቆም አልኩ። 243 እና 112፣ በአጠቃላይ 355 ጥቁሮች። እነዚህ ሰዎች ተጠምቀው ወዴት ተመለሱ? ወደ ጌቶቻቸው እርሻ። የደብሩ ልጅ የነገረን የነፍስ ወከፍ ግብርም እኮ የሚቆጠረው በእነሱ ጭምር ነበር። በ1715ቱ ሕግ ነጭ ወንድ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ይቆጠራል። በባርነት የተያዘ ጥቁር ግን ወንድም ሴትም ከ12 ዓመቱ ጀምሮ። ከፋዩ ጌታው ነው፣ ገንዘቡ የወጣው ግን ከማን ጉልበት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ስለ ኤደንተን ሲነሳ እኔ የማስበው አንዲት ሴት ናት፣ ሃሪየት ጄኮብስ። በ1813 እዚያች ከተማ በባርነት ተወለደች። ቤተሰቧም የዚሁ የቅዱስ ጳውሎስ ሰዎች ነበሩ፣ የተጠመቀችውም እዚያ ነው። ጌታዋ፣ የከተማው ሐኪም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳድዳት ነበር። በ1835 ጠፋች ተባለ። የጠፋችው ግን ወደ ሩቅ አልነበረም። ከአያቷ ቤት ጋር የተያያዘች ትንሽ ጓዳ ጣሪያ ሥር ገብታ ነበር። ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ወርዱ 7፣ ከፍታው በበዛበት 3 ጫማ። መቆም አይቻልም። እዚያ ውስጥ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ኖረች። በእንጨቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ቦርቡራ ልጆቿ ከታች ሲጫወቱ ታያለች፣ እነሱ እናታቸው ከላያቸው እንዳለች አያውቁም። በ1842 በመርከብ አምልጣ ወደ ሰሜን ወጣች።

የአያቷ ቤት ኪንግ ስትሪት ላይ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም አይርቅም። እሁድ እሁድ ደወሉን ጣሪያ ሥር ተኝታ ትሰማው ነበር ብዬ አስባለሁ።

በ1861 የሕይወት ታሪኳን በብዕር ስም አሳተመች። ከመጽሐፉ አንድ ቦታ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሐኪሙ ከከተማ ሲወጣ አያቷ ጊዜ አገኘች፣ ልጆቹ ይጠመቁ አለች። ወሰዷቸው፣ ተጠመቁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የአባቷ የድሮ እመቤት ጠራቻት። ሕፃኗን አቅፋ አንገቷ ላይ የወርቅ ሐብል አሰረችላት። ጄኮብስ አመሰገነች። ግን አልወደደችውም። የወርቅም ቢሆን በልጄ አንገት ላይ ሰንሰለት እንዲታሰር አልፈልግም ነበር ትላለች።

እኛ ልጅ ሲጠመቅ ማተብ እናስራለን። ይህን ሳነብ የልጄን ማተብ ያሰርኩባት ቀን ትዝ አለኝ፣ አለቀስኩ።

ታሪክ ወዳድ

እህቴ፣ የጻፍሽውን አከብራለሁ። ግን ክሩ ስለ አንድ ሕንፃ ነው የተከፈተው። በየቦታው ባርነትን ካነሳን ስለ ምንም ነገር መነጋገር አንችልም። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሌላም ታላቅ ነገር ሆኗል። በጁን 19 ቀን 1776፣ የነጻነት አዋጁ ሊጸድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሰበካ ጉባኤ አባላት አንድ መግለጫ ፈረሙ። ለንጉሡ ታማኝ ነን፣ ነገር ግን የእንግሊዝ ፓርላማ ግብር ሊጥልብን መብት የለውም አሉ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 1774፣ 51 የኤደንተን አካባቢ ሴቶች የእንግሊዝ ሻይና ጨርቅ አንገዛም ብለው ፈርመዋል። ሴት የፖለቲካ ፊርማ በማታውቅበት ዘመን! ትንሽ ከተማ ይህን ሁሉ ማድረጓ ይገርማል።

በተረፈ አንድ ጥያቄ አለኝ። በ1949 ተቃጥሏል የሚል አንብቤ ነበር። ከተቃጠለ አሁን ያለው ምኑ ነው የ1736ቱ?

የሪችመንዷ ነርስ

ወንድሜ ታሪክ ወዳድ፣ ስለ ሕንፃው ካልን እሺ፣ ስለ ሕንፃው ልንገርህ። ደወሉ የት ሄደ?

በ1862 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲካሄድ የደቡቡ ጦር ነሐስ አጠረው። አብያተ ክርስቲያናት ደወላቸውን እንዲሰጡ ተጠየቁ። ኤደንተን ሰጠች። የቅዱስ ጳውሎስም፣ የፍርድ ቤቱም ደወል ወረደ። ቀልጠው አራት መድፍ ሆኑ። ለመድፎቹ ስም ወጣላቸው፣ አንደኛው ቅዱስ ጳውሎስ ተባለ። ሌላው ኤደንተን። ጭፍራውም የኤደንተን የደወል ባትሪ ተባለ፣ ባትሪ ማለት እዚህ የመድፈኞች ክፍል ነው። ሰው ወደ ጸሎት የሚጠራ ደወል፣ ባርነት እንዳይቀር ለሚዋጋ ጦር መድፍ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳልናገር የማማውን ታሪክ እንዴት ልናገር?

51ዱ ሴቶችና ሰበካ ጉባኤው ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ጄኮብስም የእነሱው ከተማ ሴት ናት። እሷም ግን ብዕር አንስታ የጻፈች ናት። ማንበብ ያስተማረቻት የመጀመሪያዋ እመቤቷ ናት። በ1830 ኖርዝ ካሮላይና ያወጣው ሕግ ደግሞ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር ከለከለ። ሕጉ ቢቀድም ኖሮ ያን መጽሐፍ ዛሬ አናገኘውም ነበር።

ግንበኛው

ስለ ቃጠሎው እኔ ልመልስ፣ ዘመዴ እዚያ አካባቢ ስለሚሠራ ከእሱ ጋር ሄጄ ጠይቄያለሁ።

የተቃጠለው በጁን 1 ቀን 1949 ነው። በዚያን ጊዜ ሕንፃው እየታደሰ ነበር። እድሳት ላይ ያለ ሕንፃ መቃጠሉ የተለመደ ነው። ደረቅ እንጨት አለ፣ ሙቀት የሚያወጣ መሣሪያ አለ፣ ሌሊት ሰው የለም። ጣሪያው ወረደ። ነገር ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ለእድሳቱ ሲባል አብዛኛው የጥንቱ የውስጥ እንጨት ቀድሞ ተነቅሎ ወጥቶ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር። እሳቱ ሲመጣ ያገኘው ባዶ ቅርፊት ነው። ግድግዳዎቹ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ጣሪያው እንደገና ተሠራ፣ እንጨቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ፦ ጡቡ የ1736ቱ ሰዎች ነው። ከውስጡ እንጨት ብዙው የድሮው ነው። ጣሪያው አዲስ ነው። በመሃል ደግሞ ዊልያም ኒኮልስ የሚባል ከእንግሊዝ የመጣ አርክቴክት ከ1806 እስከ 1809 በሰፊው ጠግኖታል፣ ከአሜሪካ የነጻነት አብዮት በኋላ ተጥሎ ሊፈርስ ደርሶ ነበርና። ሹሉ የማማ ጫፍ የመጣው ከእሱ ሥራ ጋር ነው። አሁን የምታዩት ቤተ ክርስቲያን የአንድ ዘመን ሥራ አይደለም።

የተነቀለ እንጨት መልሶ መግጠም ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ ከጀርባው ምልክት ይደረግበታል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደነበረ ካልተጻፈ እንጨቱ ቢተርፍም ቤቱ አይተርፍም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በጥንቃቄ ምልክት ባያደርግ ኖሮ እድሳቱ ማገዶ ነበር የሚሆነው። የዚያን ሰው እጅ ብስመው ደስ ይለኛል።

እህቴ ነርሷ፣ አንቺም የያዝሽው ሥራ ከዚያ አይለይም። የተነቀለውን ቦታ ቦታው እየመለስሽ ነው።

የአሌክሳንድሪያ ምእመን

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ግን ልጨምር።

ነርሷ የጠቀሰችውን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ናት ተርነር የሚባል በባርነት የተያዘ ሰው በ1831 በቨርጂኒያ ካመፀ በኋላ ባለባሪያዎቹ ፈሩ። ባሪያዎቹን ትንሽ ሃይማኖት ብናስተምራቸው አይገድሉንም አሉ። ጄኮብስ እንደምትለው የኤጲስቆጶሳውያኑ ቄስ እሁድ ለብቻቸው ላገልግላቸው አለ። ጥያቄው የት ይሁን የሚለው ሆነ። ሜቶዲስቶቹና ባፕቲስቶቹ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸውን ይከፍቱላቸው ነበር። እሷ የምትለው፣ የእነሱ ምንጣፍና ትራስ እንደ ኤጲስቆጶሳውያኑ ውድ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ነጻ ጥቁር ሰው ቤት ውስጥ እንዲሰበሰቡ ተወሰነ። ስብከቱም ባሪያዎች ሆይ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ የሚለው ነበር።

የራሳቸው የሆነች ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም ጫካ ውስጥ ነበረቻቸው፣ ዙሪያዋ የዘመዶቻቸው መቃብር። ከአመፁ በኋላ አፈረሱባቸው።

ይህን የማነሳው እኛም ስላለንበት ነው። የእኛ ደብር የራሱን ሕንፃ ከመግዛቱ በፊት ስድስት ዓመት የተቀመጠው በአንድ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በዚህ አገር እንደዚያ የጀመሩ የሐበሻ አጥቢያዎች ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ምድር ቤቱን ሰጡን። ከዚያ የበዓል ቀን ሕዝቡ ሲበዛ ዋናውን አዳራሽ ከፈቱልን። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በባዶ እግራችን ቀይ ምንጣፋቸው ላይ ቆምን። ሰም ይንጠባጠባል፣ ዕጣን ይጨሳል። አንዲት አሮጊት የእነሱ ሰበካ ጉባኤ አባል በማግስቱ መጥታ ተንበርክካ ሰሙን በቢላ ስትልግ አገኘኋት። ደንግጬ ይቅርታ እኛ እናጸዳለን ስል፣ ምንጣፍ ለዚህ ነው የተነጠፈው አለችኝ።

የጄኮብስን መጽሐፍ ያነበብኩት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ምንጣፍ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ያቺ ሴትዮ የምታውቀው ነገር ነበራት ማለት ነው? አልጠየቅኋትም፣ አሁን በሕይወት የለችም።

ታሪክ ወዳድ

የምንጣፉን ነገር አላውቅም ነበር። ቀደም ብዬ ሕንፃ ብቻ ብዬ የጻፍኩትን እመልሳለሁ። ምንጣፉም ትራሱም የሕንፃው አካል ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። መድፎቹ አሁን የት ናቸው?

የደብሩ ልጅ

ሁለቱ ተመልሰዋል። ቅዱስ ጳውሎስ የተባለውና ኤደንተን የተባለው ከስንት ዓመት በኋላ ወደ ከተማዋ መጥተው ውሃው ዳር ቆመዋል። የመንገድ ሰው፣ ብሮድ ስትሪትን ይዘህ እስከ መጨረሻው ብትወርድ ኖሮ ታገኛቸው ነበር።

የጄኮብስም ምልክት አለ። ግዛቱ ለታሪካዊ ሰዎች የሚያቆመው የመንገድ ዳር ሰሌዳ በስሟ ኤደንተን ውስጥ ቆሞላታል። እሷ በ1897 ዋሽንግተን ሞታ የተቀበረችው ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ነው። መጽሐፉን በእርግጥ እሷ እንደጻፈችው ምሁራን በማስረጃ ያረጋገጡት በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎች ነጭ ሴት የጻፈችው ልብ ወለድ ይመስላቸው ነበር።

የመንገድ ሰው

ይቅርታ ቤተሰብ፣ መንገድ ላይ ስለነበርኩ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ትናንት ጭነቴን አራግፌ ስመለስ ኤደንተን ገባሁ። ጊዜዬ አጭር ነበር፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ውሃው ዳር ወረድኩ። መድፎቹ አሉ። ከጠበቅኩት ያነሱ ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ የሚባለውን በመዳፌ ነካሁት። ነሐሱ ፀሐይ መቶት ሞቋል። ጣቴን አጠፍኩና እንደ ደወል አንኳኳሁት። ድምፅ አልሰጠም፣ ድፍን ነው።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቅጠል እየጠረገ ነበር። ሰላም ብዬው ገባሁ ወደ ግቢው። ጋሼ ግንበኛው ያሉትን ጡብ በጣቴ እየቆጠርኩ ግማሽ ክቡን ዞርኩት። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። አንዱ ጡብ ላይ የጣት ሰርጓዳ የመሰለ ምልክት አየሁ። አፈሩ ሳይደርቅ ሲያነሱት የተጫነ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። አውራ ጣቴን አስገብቼ ለካሁት፣ ልክ ገባ።

ሽማግሌው ሲያየኝ ቆይቶ ምን እየፈለግኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሃሪየት ጄኮብስ የተጠመቀችው እዚህ ነው ወይ አልኩት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በሩን ከፈተልኝ።

ጋሼ፣ ፎቶውን ማታ እለጥፈዋለሁ። ያ ምልክት ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።